አምስት ሺህ ወረቀትና አሥራ ዘጠኝ ስልክ

ውድ ጋሼ ገብረመድኅን፣

ያን ሁሉ ወረቀት ስንበትን፣ ሰው አነበበው ወይስ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው ብለው ራስዎን ጠይቀው አያውቁም? እኔ ጠየቅሁ። ተመርቄ ቤት ስቀመጥ አለቃችን ሻለቃ ተስፋዬ ዘንድ ወስደውኝ «ይቺን ልጅ ሞክሯት፣ ቁጥር ታውቃለች» ያሉት እርስዎ ስለሆኑ፣ ሙሉ ውጤቱን ከማንም በፊት ለእርስዎ ልንገርዎት።

«ያልፈነዳ ጥይት ካገኙ አይንኩ፤ ይደውሉ» የሚለውን ወረቀትዎን ማለቴ ነው። ሻለቃ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጅት፣ አምስት ሺህ ታተመ፣ አምስት ሺህ ተበተነ። መቶ በመቶ። ሌላ ምን ይለካል?»

ሸዋ በር ታክሲ የሚጠብቁ ሰማንያ ሰዎች ጠየቅሁ። ወረቀቱ ከደረሳቸው አርባ ሰዎች «ባገኝ አልነካም፣ እደውላለሁ» ያሉኝ ሰባት ናቸው። ካልደረሳቸው አርባ ሰዎችም ሰባት። ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚሸጡት አዴ ሶፍያ ግን አመሰገኑዎት፦ «ወላሂ ልጄ፣ ወረቀታችሁ ወፍራም ነው፣ እርድ ስጠቀልልበት አያፈስም። ሌላ መቼ ታመጣላችሁ?» እሱንም መዘገብኩት።

ይቅርታ ጋሼ፣ እየሳቅሁ ነው የምጽፈው። አንድ ነገር ግን አላስቀምጠኝ አለ። በመጋቢት ወር ሁለት ሰው ብቻ ነበር የደወለው፤ በሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ። አሥራ ሰባቱ የደወሉት ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ መንደሮች ነው። ሐኪም ጋራ ደግሞ አንድም ወረቀት አልደረሰም፤ መኪናችን ዳገቱን አልቻለውም ነበር። ለደወሉት ሁሉ መልሼ ደወልኩ። ቁጥሩን ከየት አገኛችሁ ስል፣ ሁሉም አንድ ቦታ ጠሩልኝ፤ ብረታ ብረት የሚገዛውን የሽፈራውን ሱቅ።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ወረቀታችንን አንብበው ነው?»

«የምን ወረቀት? አጎትሽ ነው እንጂ ጉዱ። እዚች በርሜል ላይ ሦስት ቅዳሜ ተቀመጠ። ብረት ይዞ ለመጣ ገበሬ ሁሉ ግራ እጁን ይዘረጋና ‹ጣቶቼን ቁጠርልኝ› ይላል። ሦስት። ‹ሁለቱን የወሰደው እንዲህ ያለ ብረት ነው› ብሎ ቁጥሩን ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲህ እኔስ በምን አንጀቴ ልግዛ? ቁጥሩን ሰጥቼ እመልሳቸዋለሁ።»

ፎቶ ስንነሳ ያንን እጅ ኪስዎ ውስጥ እንደሚከቱ አውቃለሁ። ስለ እሱ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄዎት አላውቅም። የበርሜሉን ነገር በሪፖርትዎ ላይ አንድ መስመር አልጻፉም።

አሁን ሻለቃ ሃያ ሺህ ወረቀት ሊያሳትሙ ነው። «ወረቀቱ አልሠራም» ስላቸው «እንግዲያው የሠራውን እስከ ዓርብ አምጪ» አሉኝ። እኔ የምጠይቀው ብረት በሚሸጥበት ገበያ ሁሉ እንደ እርስዎ የሚቀመጥ አንድ አንድ ሰው ነው። ለዚህ ግን ማስረጃ ያስፈልገኛል፤ ማስረጃው የእርስዎ እጅ ነው።

ስለዚህ የተቀመጡባቸው ሦስት ቅዳሜዎች መቼ መቼ እንደነበሩ ይላኩልኝ፤ ከተደወለባቸው ቀናት ጋር ላስተያይ። እጅዎን በሪፖርቱ ልጻፈው ወይስ ልተወው? «ተዪው» ካሉኝ እተወዋለሁ፣ ከሻለቃም ጋር በሌላ መንገድ እከራከራለሁ። «ጻፊው» ቢሉኝ ግን ደስታዬን አልችለውም። እባክዎ ከሐሙስ በፊት ይመልሱልኝ።

የእህትዎ ልጅ ነፃነት
ሐረር