የቀሩት አራት ጎጆዎች

ኅዳር 8፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡30

ጣሳውን ውሃ ሞላሁ። እህቴ ሆዳን ግራሩ ላይ የሰቀለችውን የዘይት ጣሳ። ቢጫዎቹ ወፎች መጥተው ጠጡ። አልቆጠርኳቸውም። መቁጠር የእሷ ሥራ ነበር።

እናቴ ዛሬም አልተነሳችም። ሆዮ፣ ሻይ አፍልቻለሁ አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እህቴ ከሞተች አሥራ ሁለት ቀን። በር ላይ ቆማ የውሃ ጋሪውን ስትጠብቅ፣ አንዲት ጥይት። ከየት እንደመጣች የሚያውቅ የለም።

ት/ቤት ግማሽ ቀን። ልጆቹ በአማርኛ ስጽፍ አይተው "ሀበሻው" አሉኝ። ይበሉ። ድንበር ተሻግረን ጅግጅጋ በስደት ሳለን የተማርኩት በዚህ ፊደል ነው። ከቤታችን ሰው ከእኔ ሌላ የሚያነበው ሆዳን ብቻ ነበረች።

ኅዳር 10፣ ሐሙስ

ይህን ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ፣ ደብተሬ።

በሰባተኛው ቀን ቁርኣን ሲቀራላት ማብሰያ እንጨት አለቀ። ተኩስ ነበር፣ ከሰል ፍለጋ መውጣት አይቻልም። ሰዎቹ ግራሩን አዩት። መጥረቢያውን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ትልቁን ቅርንጫፍ ቁረጡ አልኩ። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም።

ያየሁት ከወደቀ በኋላ ነው። ዘጠኝ ጎጆ። በአንዱ ውስጥ ላባ ያላወጡ ሁለት ጫጩቶች።

ሩዙ በዚያ እንጨት በሰለ። ሰው በላ፣ "አላህ ይርሐማት" አለ። እኔም በላሁ።

ኅዳር 13፣ እሁድ፣ ከሰዓት

የሆዳንን ደብተር ከፈትኩ። የወፎቹን ስም ስለማታውቅ ራሷ ሰይማቸዋለች። አንዱ "ጉረኛው" ነው። ጎጆውን ይሠራል፣ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ክንፉን ያራግባል። ሴቷ ገብታ ታያለች። ካልወደደችው አፍርሶ እንደገና። ሦስት ጊዜ አፈረሰ። ከሥሩ ጽፋለች፦ "አጎታችን ቢሆን ሴቷን ይሰድባት ነበር።"

ሳቅኩ። ወዲያው አፈርኩ።

የመጨረሻው መስመር፦ "ጠዋት 23። ባለጋሪው ዘገየ።"

ኅዳር 15፣ ማክሰኞ

አጎቴ መጣ፣ የሆዮ ታናሽ ወንድም። አብቲ እንለዋለን። ሐሙስ ጠዋት ወደ ጅግጅጋ መኪና አለ። እንደገና ስደት። ይሁን፣ ደክሞኛል።

ግራሩን ግን ነገ ቆርጦ ሊሸጠው ነው፣ ለመንገድ ስንቅ። እኛ ብንተወው ሌላው ይቆርጠዋል አለ። እውነቱን ነው። አራት ጎጆ ቀርቶበታል አልኩት።

"ታዲያ ወፎቹንም መኪና ላይ እንጫናቸው?"



ኅዳር 16፣ ረቡዕ

ሳይነጋ የሆዮ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። የቅርንጫፉን ነገር ነገርኳት። አልተቆጣችም። የሆዳንን ደብተር ወደ ሶማልኛ እየመለስኩ አነበብኩላት፣ ከመጀመሪያው ገጽ። አብቲ ሴቷን ይሰድባት ነበር የሚለው ላይ ስደርስ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ተነሳች።

አብቲ መጥረቢያ ይዞ ሲገባ ግራሩ ሥር ተቀምጣ አገኛት።

"ተቀመጥ፣ ሻይ ጠጣ።"

"ፀሐዩ ሳይበረታ ልጨርሰው።"

"ተቀመጥ አልኩህ። አልጋዬን ሽጠው። ከእንግዲህ አልተኛበትም።"

ተቀመጠ። ሻዩን ጠጣ። አልጋውን በጀርባው ተሸክሞ ወጣ።

ጎረቤታችን አሮጊቷ የትም አልሄድም ብላለች። ጣሳውን እንድትሞላ፣ ዛፉንም እንዳታስነካ ለመንኳት። ዕቃ ያጠብኩበት ውሃ ከተስማማቸው አለች። ይስማማቸዋል።

ኅዳር 17፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 12፡10

መኪናው ጥሩምባ እየነፋ ነው። አብቲ ይጮኻል።

በእሷ ደብተር፣ ከ23 በታች፣ በእኔ እጅ ጻፍኩ፦ "ጠዋት 9። አራት ጎጆ።" ጉረኛው አለ።

መምህራችን ምን መሆን ትፈልጋለህ ሲሉኝ ሹፌር ብዬ ነበር። አይደለም። ዛፍና ወፍ መጠበቅ ሥራ ከሆነ እሱን። ሥራ ካልሆነም እሱን። በደረስንበት ሁሉ እቆጥራለሁ። ለማንም መጥረቢያ ከማቀበሌ በፊት ቀና ብዬ አያለሁ።