ለሐዋ የላክኸው ኮምፒዩተር

ውድ ወንድሜ መሕሙድ፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከረምክ? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ራቢያና ልጆቹስ? የዶሃ ሙቀት በረድ አለላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

ዕቃህን ኮምቦልቻ ወርጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ካርቶኑ ላይ የሐዋን ስም ሳነብ ቀናሁባት። ፒያሳ ላይ የሰው አሮጌ ኮምፒዩተር ስጠግን የምውለው እኔ፣ አዲሱ የሚላከው ለታናሽ እህታችን። የሐረጎን ዳገት እስክንወጣ ድረስ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ስሟን በመዳፌ ሸፍኜ ተጓዝኩ።

ሐዋ የአባን መንዙማ ስትጽፍ የቆየችው እኔ ሱቅ ባለችው አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተር የሚያሠራውን፣ በነፃ የሚታደለውን ሥርዓት ጭኜባታለሁ። ውስጡ ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ አማርኛውና ዐረብኛው በአንድ መስመር እንዲሄዱላት ራሴ አስተካክዬላታለሁ።

ይህንኑ አዲሱ ላይ ልጫን ብል እምቢ አለ። ፋብሪካው በዲጂታል ፊርማው ያልፈረመበትን ሥርዓት አያስነሳም። ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ይህን ቁጥጥር ማጥፋት ይቻላል፤ ለዚህኛው ማጥፊያም አልሰጡት። ቫይረስ እንዳይገባ ነው ይላሉ። እኔ የሠራሁትንም እንደ ቫይረሱ ከበር ይመልሰዋል።

እውነቱን ልንገርህ፣ እምቢ ሲል ደስ አለኝ። ለሐዋ ስነግራት፣ «የኔ ከሆነ ለምን የሌላ ሰው ፈቃድ ይጠይቃል?» አለችኝ። ከዚያ አዲሱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ «አንተ ውሰደው ወንድምዬ፣ አሮጌዋን ስጠኝ» አለች።

ተለዋወጥን። ይኸው አዲሱ ፊት ለፊቴ ያብረቀርቃል፣ ፊልም ያሳያል። ከቤታችን መጋረጃ ወዲያ አባ ያዜማሉ፣ እሷ ትጽፋለች፣ ይሳሳቃሉ። ትናንት አንድ ፊደል አልወጣ ብሏት፣ እኔን ሳትጠራ የሥርዓቱን ውስጥ ከፍታ ራሷ አስተካከለችው። የፈለግሁት እጄ ገብቶ እንኳ አሁንም የምቀናው በእሷ ነው። ሌላ ከገዛህ ሻጩን አደራ ጠይቅልኝ፤ ባለቤቱን የሚታዘዝ ይሁን።

አባ ዱዓ ያደርጉልሃል። እማ ወገብህን ከብርድ ጠብቅ ብላለች። ለራቢያ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ሐዋ ስለ ስጦታው እጅግ ታመሰግንሃለች፤ እኔ ዘንድ መሆኑን እንዳልነግርህ ለምናኝ ነበር።

ወንድምህ ጀማሉዲን
ደሴ፣ ፒያሳ
ጥር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.