የሻርኩ ዘርና የባሺር ጨርቅ

ይድረስ ለእህቴ ለናዒማ፣ ድሬዳዋ

የአላህ ሰላም በአንቺና በቤቱ ሁሉ ላይ ይሁን። እንዴት ከርመሻል? የእማማ ጉልበት እንዴት ሆነ? ደረጃውን ብቻዋን መውጣት ጀመረች? አባባስ አሁንም ከሬዲዮኑ ጋር እየተጣላ ነው ወይስ ታረቁ? እኔ ሙቀቱ ከልብሴ ጋር እኔንም አጥቦ ከማስጣቱ በቀር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። አእምሮዬ ግን ደህና ነው ብዬ አልምልም። ስልኩን ትቼ ብዕር ያነሳሁትም ለዚሁ ነው፤ በስልክ ብነግርሽ ትስቂያለሽ፣ እኔም አብሬሽ እስቅና ነገሩ ይጠፋብኛል።

እንደምታውቂው፣ ሥራዬ እዚህ ጅቡቲ በሙሚን መጋዘን የደረቀ የሻርክ ክንፍ ተረክቦ መመዝገብ ነው። ክንፉ ለሾርባ ተብሎ ሩቅ ምሥራቅ ይሄዳል፤ እዚህ ቀምሶት የሚያውቅ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። ዓሣ አጥማጆቹ ያመጡትን የማን እንደሆነ እንዲለይ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቁራጭ ጨርቅ ያስሩታል፤ የባሺር አረንጓዴ ነው። እኔ ደግሞ የአባባ ልጅ ነኝ። ሸቀጥ በዓይነቱ ካልተደረደረ ሱቅ ሳይሆን የአይጥ ቤት ነው እያለን አይደል ያሳደገን? ጨርቁን ሁሉ ፈታሁ፣ ክንፉን በቁመቱ ለይቼ ደረደርኩ፣ ጨርቆቹንም አጥቤና አጣጥፌ በሻይ ቆርቆሮ አስቀመጥኩ። ሙሚን ገብቶ አየና መጋዘኑ ፋርማሲ መሰለ አለ። ኮራሁ።

በሳምንቱ ኢማን የምትባል ተመራማሪ ከተቆጣጣሪዎች ጋር መጣች። ከየከረጢቱ ጥፍር የምታክል ቁራጭ እየቆረጠች ወሰደች፤ በዘረመሉ የሻርኩ ዓይነት ይታወቃል አለች። እኔ እንኳን ደርቆ፣ በሕይወት መጥቶ ቢጨብጠኝ የማን ወገን እንደሆነ አላውቅም። ውጤቱ ሲመጣ ከወሰደችው አሥራ አንድ ቁራጭ ሁለቱ መዶሻ ራስ የሚባለው ሻርክ ሆነው ተገኙ፤ ያ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይሸጥ የተከለከለው። ቅጹ ላይ «ያመጣው ሰው» የሚል መስመር አለ። እስከ ቅዳሜ ሙላ ተባልኩ። ስሙ የተጻፈበት ሰው የጀልባ ፈቃዱን ይነጠቃል።

ሙሚን ባሺር ብለህ ጻፍ አለኝ፤ ከሁሉም ርቆ የሚሄደው እሱ ስለሆነ። ባሺር ስድስት ልጆችና አንድ ጀልባ አለው። ብጠይቀው፣ መዶሻ ራስ ሻርኩን ከመረብ ፈትቼ ለቅቄዋለሁ ብሎ ማለልኝ። ሌሎቹም ማሉ። አንዱማ ሳልጠይቀው ማለ። ግራ ቢገባኝ ኢማን ዘንድ ሄድኩና፣ መሣሪያሽ የሻርኩን ሰባት ቤት ከቆጠረ ያጠመደውን ሰው መንገር እንዴት ያቅተዋል አልኳት። ክንፉ የእናት አባቱን እንጂ የአጥማጁን ዘር አልያዘም፤ ለዚያ የሚሆን ምልክት አልነበራችሁም ወይ አለችኝ። ነበረን አልኳት። የት ሄደ አለች። ታጥቧል አልኳት። አልሳቀችም።

ቅዳሜ መስመሩ ላይ፣ ያመጣው ሰው አይታወቅም፣ ምልክቱን ፈትቼ የቀላቀልኩት እኔ ነኝ ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ሙሚን ቁልፉን ተቀበለኝ። ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ሂድ፣ የራስህን ፋርማሲ ክፈት ብቻ አለኝ።

ባሺር ያመሰግነኛል ብዬ ስጠብቅ እዚህ ዋራበሌ ሰፈር ቤቴ ድረስ መጥቶ ጨርቄን መልስልኝ አለ። አረንጓዴውን አውጥቼ ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና፣ ይኼ የኔ አይደለም፣ የኔ ጠርዙ የተዘመዘመ ነው አለኝ። ቆርቆሮው ውስጥ ሌላ አረንጓዴ የለም። ቢሆንም ይዞት ሄደ። እንግዲህ ያተረፍኩት ንጹሕ ሰው ይሁን ጥፋተኛ፣ ባሺር ይሁን ሌላ፣ አላህ ይወቀው። ይቺን ነገር አንቺ እስቲ አስቢባት፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ውሸታም የሚለየው ያንቺ ዓይን ነው።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ለባልሽ ለጀላሉዲን ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ልጃችሁን ተቅዋንም የላከችልኝን ሥዕል ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ በያት። ለአባባ ቁልፍ ማስረከቤን አትንገሪው። ሸቀጡን በዓይነቱ ደርድሮ ነበር በይው፤ ደስ ይለዋል።

ወንድምሽ ዓብዱረዛቅ
ጅቡቲ፣ ዋራበሌ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.