ዘሊካ ፊቷን ያሳየቻት ቀን

ናስራዬ፣ እንደምን ከረማችሁ? በኮሮና የተሰረዘው የዒድ ጉዟችን ከሁለት ዓመት በኋላ ተሳክቶ እኔና እማዬ ካርቱም ገብተናል። ኮምቦልቻ ሲሞቀን ጥላ ፍለጋ እንሄዳለን፤ እዚህ ጥላውም ያቃጥላል።

በመሃል የእማዬ ዓይን መጥፋቱን ታውቂያለሽ። ዘጠኝ ዓመት ያላየናት እህቴ ዘሊካ ግን አልሰማችም። እማዬ "ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ እንዳትነግሪያት" ብላ አስምላኝ ነበር። ቡሪ ሰፈር ያለው ቤቷ እንደደረስን ዘሊካ ለተሰረዘው ዒድ ገዝታ ያስቀመጠችላትን ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን፣ እማዬ ጭን ላይ ዘረጋችላት።

"ያላ እማዬ፣ ቀለሙን ወደድሽው?"

እማዬ ዳበሰችውና "አረንጓዴ ይስማማኛል" አለች። ቶቡ ብርቱካናማ ነበር።

ዘሊካ ወደ እኔ ዞረች፤ አንገቴን ደፋሁ። ትቆጣኛለች ብዬ ስፈራ እሷ እማዬ እግር ሥር ቁጭ አለችና እጇን ይዛ የራሷ ፊት ላይ አስቀመጠችው። "ይሄ ጠባሳ የኩሽና በር መትቶኝ ነው። እዚህ ጋ ሸብቻለሁ። እዚህ አንድ ጥርስ የለኝም" እያለች አንድ በአንድ አሳየቻት። እማዬ ጥርሱ ጋ ስትደርስ ሳቀች፤ እኛ አለቀስን።

ዛሬ በአውቶቡስ ወደ ኦምዱርማን ስንሻገር ዘሊካ ዓባይን፣ ጀልባዎቹን፣ ማዶ ያሉትን ቤቶች በጆሮዋ ትነግራት ጀመር። ስትፈጥንባት እማዬ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

"ቀስ በይ" አለቻት፣ "እያየሁ ነው።"

ወረቀቱ አለቀብኝ። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፣ ሙባረክንም ሰላም በይልኝ።

ኒዕማ