በከሰል ያለፈው ውሃ

…አባባ የጉድጓዱን ባልዲ ወደ ፀሐይ ዘንበል አድርጎ «ይኼ ውሃ ነው ወይስ ሻይ?» ሲለን፣ አንቺ ሳቅሽን በመዳፍሽ ስታፍኚ፣ እኔ ደግሞ… ከዚያ ወዲያ አይመጣልኝም። አባባ ጠጣው ወይስ ደፋው? ጠዋት ሥራ ስገባ ይኼው ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው።

እትዬ፣ ሰላምታዬን ሳላስቀድም ወሬ ጀመርኩ፤ ይቅር በይኝ። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? የእማማ ደም ግፊትስ? አባባ ከሕክምናው ወዲህ እህል ይቀምሳል? እኔ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ ትንሽ ሸሽቶኛል።

ሥራዬ ያው ነው። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም ያለበት ውሃ ከሰል በሞላው የመስታወት ቱቦ ላይ አፈሳለሁ፤ ከታች ጠብ ጠብ ሲል እቆጥራለሁ። የላክሽልኝን የጉድጓዳችንን ውሃ ደጋግሜ መረመርኩት። ምንም የለበትም። አንድ ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ኋላ ደብዳቤሽን እንደገና ሳነብ፣ እማማ «ለሰው አገር ድፍርስ ውሃ አይላክም» ብላ፣ አምና በላክሁላችሁ የከሰል ማጣሪያ አሳልፋ ጠርሙሱን እንደሞላችው ጽፈሽ አገኘሁ። ለካ የመረመርኩት የገዛ ማጣሪያዬን ነው። ሳቅሁ። ከዚያ፣ ማጣሪያው ከመምጣቱ በፊት አባባ የዚያን ጉድጓድ ውሃ ስንት ዓመት እንደጠጣ ማሰብ ጀመርኩ።

እማማን አትቆጪያት። ጠርሙሱን በራሱ በጉድጓዱ ውሃ ሦስቴ አለቅልቀሽ፣ እንዳለ ሞልተሽ ላኪልኝ፤ ቢደፈርስም አላፍርም። እስከዚያው ሁላችሁም ከማጣሪያው ብቻ ጠጡ።

ስለ አባባ የጠየቅሽኝንም አልረሳሁም። ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት ያለው ሐኪም የዕጢ ምስሎችን እያጠና፣ ካንሰር የያዘው ሰው ወደፊት እንዴት እንደሚሆን የሚገምት ስሌት ይሠራል። ጠንቋዩ እንለዋለን፤ አይከፋውም። ሲሠራም ሲያወራም በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ነው፤ «አንቺ ውሃሽን አጥሪ፣ እኔ ኮከቤን ልቁጠር» እያለ ኮሪደሩን ያስተጋባዋል። የአባባን የዕጢ ምስል ባለፈው ሳምንት ሰጠሁት። ስሌቱ የሚናገረው አባባን ከሚመስሉ መቶ ሕሙማን ስንቱ እንደሚተርፉ እንደሆነ፣ አባባ ከመቶው የትኛው እንደሆነ ግን እንደማያውቅ አስቀድሞ ነገረኝ። ገና ጥናት ነው፣ እንደ ፍርድ አትያዢው አለኝ። ውጤቱን ዛሬ ያመጣልኛል።

አንቺ ቁጥሩን ጻፊልኝ ብለሻል። አባባ ደግሞ በስልክ «የውሃውን ንገሪኝ፤ የእኔን እዚያው አስቀሪው» ብሎኛል። ለማን ልታዘዝ? ሳላውቅ ልጻፍልሽ ያልኩት ለዚህ ነው። ካወቅሁ በኋላ ብጽፍ እጄ ያሳብቅብኛል፤ ጽሕፈቴን ከልጅነቴ ጀምሮ ታነቢዋለሽ።

እማማን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ጠርሙሱ ሳይሰበር ደርሷል በያት። ለአናጢው ባልሽ ሰላም በይልኝ፤ አንካሳ ወንበሬን ጠግኖ ለሰው እንዳይሰጥብኝ። ጩጬዋን ልጅሽን አፍንጫዋን ቆንጥጪልኝ፣ ቀስ አድርገሽ። አባባን ደግሞ ያንን ባልዲ ጠጣው ወይስ ደፋው፣ ጠይቂልኝ። ሌላ ምንም አትጠይቂው።

ታናሽሽ
ከላቦራቶሪው፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጠንቋዩ መጣ። ወረቀት ይዟል። ገባና በሩን ዘጋው።