ገበያ በዋለ ቁጥር የሚሞተው ሰርቨር

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ከቀኑ 7 ሰዓት

ዛሬም ሞተ። ካርድ ክፍሉ በር ላይ ሰው እንደ ጉድ ተሰልፎ እያለ። ስክሪኑ ላይ ያው የሰለቸኝ ጽሑፍ፦ ከርነሉ ቆሟል፣ መጨረሻ ላይ ሲሠራ የነበረው የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር ነው። አጥፍቼ አስነሳሁት። ሌላ ምን ላድርግ።

ደብተሬ፣ ለአንተ ልንገርህ፣ እዚህ የሚገባው የለም። ከርነሉ ከሁሉም ሥር ሆኖ ኮምፒውተሩን የሚያዝ ፕሮግራም ነው። ድራይቨሩ የኔትወርክ ኬብሉ ከሚሰካበት ካርድ ጋር ያነጋግረዋል። እሱ ሲሳሳት ሁሉም አብሮ ይወድቃል። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ አቶ መኮንን የገባቸው ግን አንድ ነገር ነው፦ አይቲዋ አልቻለችም። እስከሚቀጥለው ሰኞ ካልተስተካከለ ሰርቨሩን ነቅለው ወደ መጣበት ሊመልሱት ነው።

የከነከነኝ ሌላ ነው። ከጎብዬ የሚመጡ አባባ ሰይድ የሚባሉ አዛውንት አሉ። ሳል አላስተኛ ብሏቸው የአክታ ምርመራ ሰጥተዋል። የላብራቶሪው ማሽን ውጤቱን ወደ ሰርቨሩ ልኮ ከራሱ ላይ ይሰርዛል። ሲልክ ሰርቨሩ ሞተ። ውጤታቸው የትም የለም። ባለፈው ሰኞም እንዲሁ ነበር። የላብራቶሪው ተስፋዬ እንደገና ስጡ ሲላቸው አጠገባቸው ቆሜ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጭራሽ እሳቸው አጽናኑኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያለው ነው የሚሆን። ብቻ ሲደርስ ደውሉልኝ።»

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሙቀት። ማራገቢያው የሚያዞረው ትኩስ አየር ነው። ምነው አገሬ ጎጃም በቀረሁ።

የድራይቨሩን ኮድ እያነበብኩ ነው። የካርድ ክፍሏ ሲስተር ዘይነባ ሰርቨርሽ ገበያ አይወድም ብላ አሾፈችብኝ። ሳቅሁ። ኋላ ሳስበው እውነቷን ነው፣ የሚሞተው ሰኞ፣ ገበያ ቀን ብቻ ነው። ሰው ስለሚበዛ ይሆናል ብዬ ከሰኞ የበለጠ ዳታ ለቀቅሁበት። ንቅንቅ አላለም። አናዶኝ ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

አርብ፣ ጥቅምት 7። 9 ሰዓት ከሰዓት

አገኘሁት! መስመሩ ድንገት ሲቋረጥ ድራይቨሩ ለዳታ የያዘውን ሜሞሪ ይለቃል። ካርዱ ግን ገና እየጻፈበት ነው። ሰው እየበላ ሳህኑን እንደማንሳት ነው። ኬብሉን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ምንም። ዳታ እያለፈ ስነቅለው ግን ድርግም! ጮህኩ። ሲስተር ዘይነባ እባብ መስሏት ሮጣ መጣች። ሰርቨሩን ገድዬ ስስቅ አይታ አዑዙ ቢላህ አለች።

ማስተካከያው አጭር ነው። ካርዱ ጨርሻለሁ እስኪል መጠበቅ። ነገ እጭነዋለሁ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ሰኞ ሰኞ መስመሩን የሚያቋርጠው ማነው? የሰርቨሩ ክፍል ቁልፍ እኔ ጋ ብቻ ነው፣ የሚቋረጠው ከውጭ ነው ማለት ነው። ተስፋዬን ጠረጠርኩ። ከመጀመሪያውም ወረቀት ይሻላል ባይ ነው። ሻይ ልጋብዝሽ ሲለኝ ሥራ አለኝ አልኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ከቀኑ 8 ሰዓት

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴን ታገሠኝ።

ጠዋት ሰርቨሩ ላይ ዓይኔን ተክዬ ተቀምጫለሁ። መስመር ተቋረጠ አለ። ትንፋሼን ያዝኩ። አልሞተም! ቆሞ ይጠብቃል። ኬብሎቹ የሚገናኙበት ሳጥን ያለው ካርድ ክፍል ነው፣ በሩጫ ሄድኩ።

አባባ ሰይድ። ሶኬቱ ሥር ቁጢጥ ብለው የሳጥኑን መሰኪያ ነቅለው ስልካቸውን ሰክተዋል። ዘይነባ ኮምፒውተሯ ሲቆምባት ዞር ብላ አየችና ስልኩን ነቅላ መሰኪያውን መለሰች። ገበያተኛው ሁሉ እዚህ ነው ቻርጅ የሚያደርገው። በየቀበሌው መብራት የለ፣ እሷ እንዴት ትከልክል? ሁልጊዜም ሲቆም መልሳ ትሰካዋለች። የመጀመሪያው መነቀል ሰርቨሩን እንደገደለው ምን አሳወቃት።

ልናገር አፌን ስከፍት ስልካቸው በእጃቸው ላይ ጮኸ። ተስፋዬ ነው፣ ከላብራቶሪ። ውጤቱ ደርሷል፣ ይምጡ።

ቲቢ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሌሊቱን ሙሉ አንድ ነገር ሲመላለስብኝ አደረ። አባባ ሰይድ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አንድ ቤት ነው የሚያድሩት። ይህን ሁሉ ጊዜ እየሳሉ። ስልኩን የሰኩት ውጤቱ ሲመጣ እንዳያመልጣቸው ነበር። በዚያው እጃቸው የራሳቸውን ውጤት አጠፉት። ያንገበግበኛል።

ዛሬ መድኃኒት ጀመሩ። ልጆቹም መጥተው ይመረመራሉ። አንዷ እያሳላት ነው አሉኝ።

ተስፋዬን ሻይ ጋበዝኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም፣ ሁለተኛም አዘዝኩለት።

አቶ መኮንን ደስ ብሏቸዋል። ግን መስመሩን ማን ይነቅል እንደነበር በጽሑፍ ይፈልጋሉ። ሰውየው ይጠየቃል፣ ሶኬቱም ይታሸጋል አሉ።

አባባ ሰይድ ከመሄዳቸው በፊት ቢሮዬ ድረስ መጡ። መረቁኝ። ከዚያ ወደ ካርድ ክፍሉ ጠቆሙ። «ያች ሶኬት ባትኖር፣ ልጄ፣ ስልኬ ተዘግቶ ይቀር ነበር። የዚያን ጊዜ ማን ያገኘኝ ነበር?»

አሜን ብቻ አልኩ።

ከሱቅ ባለብዙ ቀዳዳ የሶኬት ማከፋፈያ ገዝቼ መጣሁ፤ ሳጥኑ የራሱ፣ ስልኮቹ የራሳቸው ቦታ አላቸው። ለአቶ መኮንን የጻፍኩት፦ የድራይቨር ስህተት ነበር፣ ተስተካክሏል። ውሸት አይደለም። ማን ነቀለው ለሚለው ቦታውን ባዶ ተውኩት። ወረቀቱ ተመልሶ ቢመጣም ባዶውን ነው የምልከው።