አርባ አንድ የሚባል ኮንደንሰር የለም

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

አቶ ጫምሳ ከመልካሳ ወደ ጥገና ሱቄ መጣ። የአባቱን ሬዲዮ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኑ ላይ ታቅፎ። የሁለት ሰው ከፈልኩ ይላል።

«ኅዳር መጨረሻ ወንድሞቼ ይሰበሰባሉ። ያኔ ቢናገር...»

ይናገራል አልኩት። ምን ችግር አለ?

ከፈትኩት። አቧራ፣ የደረቀ በረሮ፣ አምፖል የሚመስሉት ደህና ደህና ቫልቮች። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ኮንደንሰሮች ግን አርጅተዋል፤ ሁሉም ይቀየራሉ። እኛ ከረሜላ የምንላቸው ናቸው፣ ባለ ቀለም ቀለበቶቹ። ቁጥር አይጻፍባቸውም፤ ቀለሙ ነው ቁጥሩ። ቡኒ አንድ፣ ቢጫ አራት፣ ሐምራዊ ሰባት... ከአናት ወደ እግር ማንበብ ነው። ተኝቼም አነባቸዋለሁ።

የመጀመሪያው፦ ቢጫ፣ ቡኒ። አርባ አንድ።

አርባ አንድ? እንዲህ የሚባል ኮንደንሰር የለም። ሠላሳ ሦስት አለ፣ አርባ ሰባት አለ፣ ስልሳ ስምንት አለ። አርባ አንድ ማንም ሠርቶ አያውቅም። ቀለሙ በእርጅና ተበላሽቶ ይሆናል። ነገ አየዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ሁለተኛው አርባ አንድ። ሦስተኛውም አርባ አንድ። ፋብሪካው ያን ቀን ጠጥቶ ነበር እንዴ?

በቴስተር ለካሁት። ስልሳ ሁለት አለኝ። ያረጀ ኮንደንሰር ያፈሳል፤ የሚያፈስ ደግሞ ቴስተር ላይ ከልኩ በላይ ይታያል። ስለዚህ ያለኝ ቀለሙ ብቻ ነው። እሱም አብዷል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

አርባ ሰባት ነው ብዬ አለፍኩ። ሌላ ሊሆን አይችልማ። ያስቸገረኝ አራተኛው ነው። ቡኒ፣ ከዚያ ጥቁር... ወይስ አረንጓዴ? አሥር ነው አሥራ አምስት? ሁለቱም አሉ፤ በግምት አይታለፍም።

ፀሐይ ላይ አወጣሁት። መብራት ሥር አየሁት። በምራቅ አሸሁት። ጎረቤቴ ኪሩ ልብስ ሰፊው፣ «ቀለበት ጠፋብህ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ውሸት አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

አዲስ የሬዚስተር ፓኬት ከፈትኩ። የሬዚስተርም ቁጥር በቀለም ነው። ፓኬቱ ላይ 4.7 ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ ያሉት... ቢጫ፣ ቡኒ። ሁሉም።

ባለፈው ወር የተገዛ ዕቃ ቀለሙ በእርጅና አይበላሽም። ያረጀው ሌላ ነው።

ፈራሁ። አርባ ዓመት እንጀራ የበላሁበት ዓይን ነው። ለማንም አልናገርም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ምሳዬን ረስቼ ወጥቼ፣ ዘርፉ ይዛልኝ መጣች። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር ሱቁ ውስጥ አምስት ጊዜ ብትገባ ነው። እንደ ዋዛ አንዱን ከረሜላ ሰጠኋት።

«አናቱ ላይ ያለው ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«የእንቁላል አስኳል።»

«ከሥሩስ?»

«የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ።»

ሐምራዊ ማለቷ ነው። አርባ ሰባት። አራተኛውን ሰጠኋት።

«ቡኒ። ቀጥሎ ጎመን።»

አረንጓዴ! አሥራ አምስት። ቶሎ ጻፍኩት። ቀና ስል እያየችኝ ነው።

«አንተ፣ አይታይህም እንዴ?»

«ይታየኛል።»

«ጎመኑስ?»

«... እሱ ብቻ።»

ማልቀስ ቃጣት። ምሳው ይቀዘቅዛል አልኳት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ዛሬም መጣች፤ ትናንትም። እሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ቀይ «በርበሬ» ነው፣ ብርቱካናማ «ካሮት»። የኅዳር ቀጠሮ ያለበትን ሬዲዮ በአትክልት ተራ ቋንቋ እየሠራሁት ነው።

ሱቁንም ጠረገች። ሦስት ብሎን አብሮ ተጠረገ። ዝም አልኩ። ዓይኗን እፈልገዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ዶክተር ኤቢሴ የምትባል ልጅ፣ የእኔን የመጨረሻ ልጅ ብታክል ነው። «አካም ጅርቱ ጋሼ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝና በመብራት ዓይኔን ፈተሸችው።

«ሞራ ነው፤ በሁለቱም። ሞራው ራሱ ቡናማ መስታወት ሆኖብዎታል። ሐምራዊውን የሚበላብዎት እሱ ነው። ይወጣል፤ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።»

«ቢበላሽስ?»

«አልፎ አልፎ ይበላሻል ጋሼ፤ አልዋሽዎትም። ከተዉት ግን መታወርዎ አይቀርም።»

አስብበታለሁ አልኳት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

መጀመሪያ የአቶ ጫምሳ ሬዲዮ ይለቅ። ከዚያ ብርዱ ይለፍ። ከዚያ... ዘርፉ ምክንያቶቼን እየሰማች ቆየች።

«የሰውን ሬዲዮ ሆዱን ከፍተህ ስትጎረጉር፣ አስብበታለሁ ብሎህ ያውቃል?»

እፈራለሁ አልኳት። አውቃለሁ አለች። ነገ ቀጠሮ ለማስያዝ አብረን እንሄዳለን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ቀኙ ዓይን ተሠራ፤ ግራው ሌላ ጊዜ። ሃያ ደቂቃም አልሞላ። ግማሹን ጊዜ ዶክተሯ ስለ ቫልቭ ሬዲዮ ስትጠይቀኝ ነበር። ዘርፉ ናት ይህን የምጽፍበትን ደብተር የያዘችልኝ። አታንብቢ ብያታለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ፋሻው ተነሣ። መጀመሪያ ያየሁት የዘርፉን ነጠላ ጥለት ነው። ሐምራዊ! ሁለት ዓመት ሙሉ «ይህ ቡኒ አያምርብሽም» ስላት ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ክርክር ሰልችቶኝ።»

ዓርብ፣ ኅዳር 20

እንደታዘዝኩት አሥር ቀን የብየዳ ሶልደር ሳልነካ ቆይቼ፣ ከሰኞ ጀምሮ ብቻዬን ጨረስኩት። ቀለሞቹን በሙሉ ደግሜ አነበብኩ። ዘርፉ አንድም አልተሳሳተችም።

አቶ ጫምሳ ቆሞ እያየ አበራሁት። ቫልቮቹ ቀስ ብለው ቀሉ። እሽሽሽ... ከዚያ ዜና። የሰው ድምፅ፣ ወፍራም፣ ከእንጨት ውስጥ የሚወጣ። አቶ ጫምሳ ሳጥኑ ላይ እጁን ጭኖ ቆየ። «አባቴ እጁን የሚጭነው እዚህ ነበር» አለ። እኔም ዓይኔን ጠረግኩ። ጠብታ ነው አልኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ከሞጆ ሌላ ሬዲዮ መጥቷል። ሁሉም ይታየኛል። ሰማያዊው ሰማያዊ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ። የሚጠይቁት ሰው አያስፈልግም። ዘርፉም ዓይኔ ከተሠራ ወዲህ አልመጣችም። አሁንማ ታያለህ ብላ።

ጠዋቱ አላልቅ አለኝ። አርባ ዓመት እዚህ ብቻዬን ስቀመጥ አንድ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። ዛሬ ከበደኝ። ደወልኩላት።

መጣች። አንዱን ኮንደንሰር ሰጠኋት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ዕቃውን አየችው። እኔን አየችኝ።

«ይታይሃል አይደል?»

«ይታየኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ... አንቺ ስታነቢው ደስ ይለኛል።»

ነጠላዋን አጣፋች፣ መስኮቱ ጋ ተጠጋች። «ሰማያዊ፣ ግራጫ» አለች። ጎመን የለ፣ ሽንኩርት የለ። «ስልሳ ስምንት።»

ልክ ናት። ጻፍኩት። ማታ ስንዘጋ፣ ቁልፍ የሚቀርጸው ልጅ ጋ ጎራ ብለን የሱቁን ቁልፍ ለእሷም አስቀረጽኩላት።